ፀረ-ድባቴ መድኃኒት ጀምሬ እንቅልፌ ጠፋ፤ ሕመሜ ድባቴ ነው ወይስ ባይፖላር?

ጠያቂያችን የ26 ዓመት ሴት ናቸው። ከ17 ዓመታቸው ጀምሮ ሦስት ጊዜ ከባድ ድባቴ እንደደረሰባቸው፣ በሦስተኛው ጊዜ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ሰርትራሊን የተባለ ፀረ-ድባቴ መድኃኒት 50 ሚሊግራም እንደታዘዘላቸው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም መጠኑ ወደ 100 ከፍ እንዳለ ይገልጻሉ። አሁን በአምስተኛው ሳምንት ላይ ሲሆኑ፣ ሌሊት ከሦስትና ከአራት ሰዓት በላይ እንደማይተኙ፣ ድካም ግን ጨርሶ እንደማይሰማቸው፣ ሐሳባቸው እንደሚሮጥ፣ በትንሽ በትልቁ እንደሚቆጡ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ሆድ ብሷቸው እንደሚያለቅሱና መኖርን እንደሚጠሉ፣ እኅታቸውም «አንቺ ራስሽን አልመሰልሽኝም» እንዳለቻቸው ጽፈዋል። አጎታቸው ለባይፖላር፣ ማለትም ድባቴና ማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜትና የኃይል መነሣት) ለሚፈራረቁበት ሕመም፣ የሚሰጠውን ሊቲየም ለብዙ ዓመታት ይወስዳሉ። ጥያቄያቸው ሦስት ነው፦ መድኃኒቱን ላቁም ወይ? ባይፖላር ያደረገኝ እሱ ነው ወይ? ከመጀመሪያውስ መውሰድ አልነበረብኝም ወይ?

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ዛሬውኑ መደረግ ያለበትን ላስቀድም። መድኃኒቱን ያዘዙልዎትን ሐኪም የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያግኙ፤ እዚህ የጻፉትንም እንዳለ ይንገሯቸው። በተለይ የእንቅልፉን ጉዳይ «ትንሽ እንቅልፍ አጥቻለሁ» ብለው አያሳንሱት፤ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ከስንት ቀን ጀምሮ እንደሆነ፣ ጠዋት ሲነሡም ድካም እንደማይሰማዎት በግልጽ ይናገሩ። እስኪያገኟቸው ድረስ መጠኑን በምንም ምክንያት አይጨምሩ። ሰርትራሊንን በድንገት ማቋረጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብስጭትና የተረበሸ እንቅልፍ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያማክሩ በራስዎ ውሳኔ እንዲያቆሙት አልመክርም። ይሁን እንጂ ሐኪሙ የተከሠተው ማኒያ ነው ብለው ካመኑ በዚያው ቀን እንዲያቆሙት ሊያዝዙ ይችላሉ፤ በዚያ ሁኔታ መቀጠሉ ከማቋረጡ ይልቅ ስለሚጎዳ ትእዛዙ ተገቢ ነው።

«መኖር ያስጠላኛል» ያሉትን ቃል አልፌው አልሄድም። ይህ ስሜት ራስን ወደ ማጥፋት ሐሳብ ከተሸጋገረ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ከጀመሩ፣ ወይም እንቅልፍ ጭራሽ በዓይንዎ ካልዞረ፣ ቀጠሮም ሆነ የስልክ መልስ ሳይጠብቁ ከእኅትዎ ጋር በአቅራቢያ ወዳለ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። እስከዚያው ድረስም መድኃኒቱን እኅትዎ ቢይዙትና ብቻዎን ባያድሩ መልካም ነው።

የሰውን ሕመም በጽሑፍ ብቻ ለይቶ ስም መስጠት አይቻልም፤ እኔም አላደርገውም። የገለጹት ሁኔታ ግን በሙያችን በደንብ የሚታወቅ ሲሆን፣ ሊሆን የሚችለውም ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣው መቅበጥበጥ ነው። እንደ ሰርትራሊን ያሉ፣ ሴሮቶኒን በተባለው የአንጎል ኬሚካል ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች በጀመሩባቸው ወይም መጠናቸው ከፍ ባለባቸው ቀናት አንዳንድ ሰዎች ይረበሻሉ፣ እጅና እግራቸው አልቀመጥ ይላቸዋል፣ ወዲያ ወዲህ ካላሉ ያፍናቸዋል፤ ይህ የመጨረሻው ዓይነት አካቲዥያ ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ነገር ግን እንቅልፉን ይፈልገዋል፣ ጠዋትም ዝሎ ይነሣል። ሁኔታው ለራሱ ለታማሚው ያስጨንቃል፤ ማንም ወድዶ አይቆይበትም። መጠኑ ሲቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሲለወጥ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይበርዳል።

ሁለተኛው ሃይፖማኒያ ወይም ማኒያ ነው። እዚህ ላይ ሰውየው እንቅልፍ አያጣም፤ እንቅልፍ አያስፈልገውም። ሦስት ሰዓት ተኝቶ ሙሉ ኃይል ይዞ ይነሣል፣ ንግግሩ ይበዛል፣ አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፣ በራሱ ላይ ያለው እምነት ከወትሮው ይልቃል፣ ገንዘብ ያለ ማመዛዘን ያወጣል፣ ወይም በኋላ የሚጸጸትበትን ግንኙነት ይጀምራል። ብዙ ሰው ማኒያን ደስታ ብቻ አድርጎ ያስበዋል፤ በተግባር ግን ከደስታው ይልቅ ቁጣውና ትዕግሥት ማጣቱ ጎልቶ የሚታይበት ታማሚ ብዙ ነው። የአሜሪካ የሥነ-አእምሮ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ መሠረት፣ ሁኔታው ቢያንስ ለ4 ተከታታይ ቀናት የቆየና ሌሎች ሰዎች ያስተዋሉት ሆኖ ሥራንና ኑሮን እስከ ማናጋት ካልደረሰ ሃይፖማኒያ ይባላል። ለ7 ቀናት የቆየ እንደሆነና ኑሮን ካናጋ፣ ወይም ሆስፒታል መተኛትን የሚያስገድድ ከሆነ፣ ወይም ከእውነታው ዓለም የሚያወጣ ከሆነ ግን ማኒያ ነው።

ሦስተኛውና እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተቀላቀለ ሁኔታ ነው። የድባቴው ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ሳይለቅ የማኒያው ፍጥነት ይደረብበታል። በተራ ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ክፉ ሐሳብ ቢመጣበት እንኳ ብዙ ጊዜ ለመንቀሳቀስ አቅም የለውም፤ በተቀላቀለው ሁኔታ ግን ሐሳቡም ይመጣል፣ ለመፈጸም የሚያስችለው ጉልበትና ችኮላም አብሮ አለ። በዚህ ምክንያት ራስን የማጥፋት አደጋ ከሚከብድባቸው ወቅቶች አንዱ ነው፤ ፀረ-ድባቴ መድኃኒትም ይህን ሁኔታ ሊያባብሰው ስለሚችል ዓለም አቀፉ የባይፖላር ሕመሞች ማኅበር ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ምክር በእንዲህ ያለ ጊዜ እንዳይሰጥ አሳስቧል። ከጻፉት ውስጥ ድካም የሌለበት አጭር እንቅልፍ፣ የሚሮጥ ሐሳብና ቁጣ በአንድ ወገን፣ ልቅሶና ሕይወትን መጥላት በሌላው ወገን በአንድ ቀን መገናኘታቸው፣ ይህ ዕድል በቁም ነገር መመርመር እንዳለበት ያመለክታል። ዛሬ ሐኪም ያግኙ ያልኩዎትም ስለዚሁ ነው።

አሁን «ባይፖላር ያደረገኝ መድኃኒቱ ነው ወይ» ወደሚለው ልምጣ። ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፔሊን እ.ኤ.አ. በ1899 ማኒያንና ድባቴን በአንድ የሕመም ስም ሥር ሲያጠቃልል ዛሬ የምናውቃቸው ፀረ-ድባቴ መድኃኒቶች አንዳቸውም አልነበሩም። ካርል ሌዎንሃርድ ድባቴ ብቻ የሚመላለስባቸውን ሰዎች ሁለቱም ከሚፈራረቁባቸው የለየው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ፀረ-ድባቴ መድኃኒቶች ለሕክምና መቅረብ የጀመሩትም በዚያው ዐሥርት ዓመት ነው። ሕመሙ መድኃኒቱን ቀድሞት ኖሯል። የዛሬው አብዛኛው ባለሙያ የሚቀበለው አስተያየት፣ መድኃኒቱ ዝንባሌው በሌለበት ሰው ላይ ባይፖላርን ከምንም አይፈጥርም፤ ዝንባሌው ባለበት ሰው ላይ ግን የተደበቀውን ሊያወጣው፣ ወይም ወደፊት ሊመጣ የነበረውን ሊያፈጥነው ይችላል የሚል ነው። ቀድሞ በነበረው የአሜሪካ መመሪያ በመድኃኒት የመጣ ማኒያ ለባይፖላር ምርመራ አይቆጠርም ነበር፤ የ2013ቱ እትም ግን ሁኔታው የመድኃኒቱ ተፅዕኖ ሊቆይ ከሚችልበት ጊዜ አልፎ በሙሉ ምልክቶቹ ከቀጠለ እንዲቆጠር አድርጓል። ስለዚህ ሰርትራሊኑ ከቆመ በኋላ የሚሆነው ነገር ለምርመራው ትልቅ ዋጋ አለው። ምልክቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ከሰነበተ ሌላ።

ሐኪምዎ ሌሎች ፍንጮችንም ማመዛዘን ይኖርባቸዋል። የድባቴው ከ25 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር፣ በተደጋጋሚ መመላለሱ፣ በድንገት መግባትና በድንገት መውጣቱ፣ በድባቴው ወቅት እንቅልፍና ምግብ ከመቀነስ ይልቅ መብዛታቸው፣ ከወሊድ በኋላ የጀመረ ከባድ ሕመም፣ ከእውነታው ያራቀ ቅዠት የተቀላቀለበት ድባቴ፣ በቤተሰብ ውስጥ ያለ ባይፖላር፣ እነዚህ ሁሉ ጥርጣሬውን ከፍ ያደርጋሉ። አንዳቸውም ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። የአጎት ሕመም እንደ እናት ወይም እንደ አባት ባይመዝንም፣ ሊቲየም ለብዙ ዓመታት መውሰዳቸው የታወቀ ስለሆነ ለሐኪምዎ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው። ምናልባት እስካሁን ስላልተጠየቁ አልተናገሩም።

ከሁሉም በላይ ግን ምርመራውን የሚወስነው ያለፈው ታሪክ ነው፤ የሚሳሳተውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ዓመታት በተከታተለ ጥናት፣ የመጀመሪያው ዓይነት ባይፖላር (ሙሉ ማኒያ የታየበት) ያለባቸው ሰዎች በድባቴ ያሳለፏቸው ሳምንታት በማኒያ ካሳለፏቸው በሦስት እጥፍ ያህል በልጠው ተገኝተዋል። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ደግሞ ሲከፋው እንጂ ሲቀልለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ መልስ ከሰጡ ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች 69 በመቶዎቹ በመጀመሪያ የተሳሳተ የሕመም ስም ተሰጥቷቸው ነበር፤ በብዛት የተሰጣቸውም ስም ድባቴ ነበር። ይህ የሐኪሞች ግዴለሽነት ብቻ አይደለም፤ ታማሚው ራሱ ከፍ ያለበትን ወቅት እንደ ሕመም ስለማይቆጥረው አይናገረውም።

አጠያየቁ ምን ያህል እንደሚለውጥ በምክክር ክፍሌ ደጋግሜ የማየውን ልጥቀስ። «ከልክ ያለፈ ደስታ ተሰምቶዎት ያውቃል?» ስል ሰዎች ራሳቸውን ይነቀንቁና «እኔ? ደስታን መች አውቄው» ይላሉ፤ በድባቴ ውስጥ ላለ ሰው ጥያቄው ራሱ ባዕድ ነው። «ለጥቂት ቀናት በጣም ትንሽ ተኝተው፣ ሳይደክምዎት፣ ከወትሮው እጅግ ብዙ ሥራ የሠሩበት ጊዜ ነበር?» ስል ግን ዝም ይላሉ። ከዚያ አጠገባቸው የተቀመጠችው ባለቤት ወይም እኅት ትናገራለች፦ «የዚያን ጊዜስ? ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ስታወጣ ስታገባ፣ ለሁሉም ሰው ስልክ ስትደውል የከረምክበት?» ታማሚው «እሱማ ደኅና የነበርኩበት ጊዜ ነው» ብሎ ይመልሳል። ምርመራው የሚያርፈው በዚህች መልስ ላይ ነው። ስለዚህ እኅትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ፈቃድዎ ከሆነም ብቻቸውን ከሐኪሙ ጋር ጥቂት ደቂቃ እንዲነጋገሩ ያድርጉ። 13 ጥያቄዎች ያሉት የታወቀ የስሜት መመዘኛ መጠይቅ አለ፤ ለመነሻ ይጠቅማል፣ ይህን ውይይት ግን አይተካም።

ስለ መድኃኒቶቹ አደጋ ብዙ ስለሚወራ፣ የሚታወቀውን በልኩ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ባይፖላር ለሌለበት፣ ከባድ ድባቴ ለያዘው አዋቂ ሰው ፀረ-ድባቴ መድኃኒት ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 522 ሙከራዎችንና ከ116,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ትልቅ ትንታኔ 21ዱም የተመረመሩት መድኃኒቶች ከማስመሰያ (መድኃኒት ከሌለበት) ክኒን የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል፤ የልዩነቱ መጠን ግን መካከለኛ ነው። ባይፖላር ባለበት ሰው ላይ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የስዊድን መዝገብ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች ፀረ-ድባቴ መድኃኒትን ያለ ስሜት ማረጋጊያ (እንደ ሊቲየም ያለ መድኃኒት) ብቻውን ሲጀምሩ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የማኒያ አደጋው ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል፤ ማረጋጊያ አብረው በሚወስዱት ላይ ግን በዚያ ጊዜ ጭማሪ አልታየም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውና 366 ታማሚዎችን ያካተተው የአሜሪካ ሙከራ፣ በማረጋጊያው ላይ ፀረ-ድባቴ መድኃኒት መጨመር ማኒያን እንዳላበዛ፣ ነገር ግን ጥቅምም እንዳላስገኘ አሳይቷል፤ ዘላቂ መሻሻል ያገኙት መድኃኒቱ ከተጨመረላቸው 23.5 በመቶ፣ ማስመሰያ ከተጨመረላቸው ደግሞ 27.3 በመቶ ነበሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው የምደርስበት ፍርድ፣ ባይፖላር ከተረጋገጠ ወይም አጥብቆ ከተጠረጠረ ፀረ-ድባቴ መድኃኒት ብቻውን መሰጠት የለበትም፤ ከማረጋጊያ ጋርም ቢሆን የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን አይገባም የሚል ነው። የመድኃኒቶቹም ዓይነት ይለያያል፤ እንደ አሚትሪፕቲሊንና ኢሚፕራሚን ያሉት የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች፣ ከአዲሶቹም ቬንላፋክሲን፣ እንደ ሰርትራሊን ካሉት ይልቅ ወደ ማኒያ የማሻገር ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነው።

ራስን ስለ ማጥፋት የሚሰማውም እንዲሁ በልኩ ሊነገር ይገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 በመድኃኒቶቹ ላይ ከሁሉ የከበደውን ማስጠንቀቂያ ያሰፈረው፣ በልጆችና በታዳጊዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ሲጠቃለሉ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ድርጊት መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ 4 በመቶ፣ ማስመሰያ በወሰዱት ላይ 2 በመቶ ሆኖ ስለተገኘ ነው፤ በእነዚያ ሙከራዎች ውስጥ ሕይወቱን ያጠፋ ልጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ማስጠንቀቂያው እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶችን እንዲያካትት ተደረገ። ከዚያ በላይ ባሉ አዋቂዎች ላይ ጭማሪ አልታየም፤ ከ65 ዓመት በላይ ባሉት ላይ እንዲያውም አደጋው ቀንሷል። እርስዎ 26 ዓመትዎ ስለሆነ ከድንበሩ ብዙም አልራቁም፤ የተቀላቀለ ሁኔታ ከተጠረጠረ ደግሞ ዕድሜ ምንም ይሁን ምን ጥንቃቄው ያው ነው። ያልታከመ ከባድ ድባቴ ራሱ ሰው እንደሚገድልም መዘንጋት አይገባም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ቢቆም እንኳ ሕክምናው ሊቆም አይገባም፤ በሌላ ይተካል እንጂ።

ባይፖላር መሆኑ ከተረጋገጠ ምን ይተካል? ለባይፖላር ድባቴ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ኩዌቲያፒን ነው፤ እንቅልፍን ቶሎ ስለሚመልስ አሁን ላሉበት ሁኔታ ተስማሚ ሊሆን ይችላል፤ ክብደትንና የደም ስኳርን ስለሚጨምር ግን ክትትል ይፈልጋል። አውስትራሊያዊው ጆን ኬድ ለማኒያ መዋሉን እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳወቀው ሊቲየም እስከ ዛሬ በሽታው እንዳያገረሽ በመከላከል ረገድ ግንባር ቀደም ነው፤ ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚቀንስም ብዙ የክትትል ጥናቶች ያመለክታሉ። በደም ውስጥ ያለው መጠን ለመከላከያ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል በሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ኩላሊትና ታይሮይድ በየጊዜው ይመረመራሉ፤ ትውከት፣ ተቅማጥና ብዙ ላብ መጠኑን ወደ መርዛማ ደረጃ ሊያደርሱት ይችላሉ፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም እንዲሁ። ላሞትሪጂን ድባቴው እንዳይመለስ ይረዳል፣ በማኒያ ላይ ግን ብዙም አይሠራም፤ አደገኛ የቆዳ ሽፍታ እንዳያመጣ መጠኑ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒንም በደም ውስጥ ያለውን መጠኑን በእጅጉ ስለሚቀንሰው የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው መናገር አለብዎት።

ሌላውን የስሜት ማረጋጊያ፣ ቫልፕሮዬትን፣ በተመለከተ በግልጽ ልናገር፦ መውለድ በምትችል ሴት ላይ፣ ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ፣ አልመርጠውም። በእርግዝና ወቅት ለመድኃኒቱ ከተጋለጡ ሕፃናት ከ10ሩ አንዱ ያህል ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳል፤ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ በእድገታቸው ችግር ይገጥማቸዋል። ቢታዘዝልዎት ምክንያቱን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት፤ ለማርገዝ ሐሳብ ካለዎትም ሕክምናው ከመመረጡ በፊት ይህንኑ ያሳውቁ።

ከመጀመሪያውስ መውሰድ አልነበረብኝም ወይ ላሉት፣ በእኔ እምነት ጥፋት የእርስዎ አይደለም። ማኒያ ታይቶበት ለማያውቅ ሰው ከባድ ድባቴ ሲይዘው ሰርትራሊን መታዘዙ የተለመደና በብዙ መመሪያዎች የተደገፈ ሕክምና ነው። ከመታዘዙ በፊት ስለ ቤተሰብ ታሪክና ከፍ ስላሉ ወቅቶች መጠየቅ፣ ከታዘዘ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ማየት የሐኪሙ ሥራ ነው። እርስዎ የተለወጠውን አስተውለው መጠየቅዎ ከታማሚ የሚጠበቀውን ሁሉ አሟልቷል።

ለቀጠሮው ሲዘጋጁ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ በየሌሊቱ የተኙበትን ሰዓት፣ በየቀኑ ስሜትዎ ከፍና ዝቅ ያለበትን ጊዜ፣ መጠኑ የጨመረበትን ቀን፣ የወሰዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ። ካፌይንና አልኮልን አሁኑኑ ይተዉ፤ ሌሊት ኃይል ቢሰማዎትም መብራቱን አጥፍተው በጨለማ ክፍል ይተኙ፤ ምልክቱ እስኪበርድ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም መልሰው ሊያስተካክሉት የማይችሉትን ውሳኔ አይወስኑ፤ መኪና የሚነዱ ከሆነም ለጊዜው ያቁሙ። አዲስ ሕክምና ከተጀመረም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲታዩ ይጠይቁ፤ ይህን ማድረግ የማይችል ባለሙያ ካጋጠመዎትም ወደሚችል እንዲያስተላልፍዎት በግልጽ ይንገሩት።